ቀዩ ቁልፍ

ባሌን ሰፈሩ «ብሎን» ይለዋል። የፈታውን ዕቃ መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፈዋላ! ሙያው ቤት መቀባት ነው፤ ግን ከሥራ ሲገባ ቀለሙን ከእጁ ሳያስለቅቅ ወይ የሞተ ሬዲዮ ያስነሳል፣ ወይ ገበያ ያየውን አዲስ ነገር ታቅፎ ይመጣል። ባለፈው በድምፅ የሚታዘዝ አምፖል ገጠመልን፤ እኔ ባስነጠስኩ ቁጥር እየጠፋ ስንት ራት በጨለማ በላን።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ካረፉ በኋላ ድምፃቸው የቀረው አንዲት ካሴት ላይ ብቻ ነው። ልጅ እያለ ባሌ ራሱ ነው የቀዳቸው። ካሴቷን እንደ ዓይኗ ብሌን የጠበቀችው ግን ታላቅ እህቱ፣ እትዬ ናት። ካሴት ወደ ስልክ የሚገለብጥ መሣሪያ ገዛሁ ብሎ ጨቀጨቃት። እያቅማማች ሰጠችውና «አደራህን» አለችው።

መጀመሪያ ግን ካሴቷን የሚያጫውተውን አሮጌ ቴፓችንን ማስነሳት ነበረበት። ጎማውን ቀየረ፣ ውስጡን በአልኮል ጠረገ፣ ካሴቷን ከተተ። ሁሉም ቁልፍ ሠራ፤ ቀዩ፣ የመቅጃው፣ ብቻ አልወርድ አለ። ሰውዬው እልኸኛ ነው፣ ተበላሽቷል ብሎ ይታገለው ጀመር። በኋላ ካሴቷ ጀርባ ላይ አንዲት ስባሪ ቀዳዳ አየና ወረቀት አጣጥፎ ወተፈባት። ቁልፉ ወረደለት። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ሙከራ! እሰይ!» እያለ ሲቦርቅ እኔ ሞኟ ከኩሽና ሆኜ እስቃለሁ። እንዴት እንደጠገነው ለራሱ ሲያወራ፣ ሲያወራ ቆየና ድንገት ዝም አለ። ብቅ ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ያቺን ቀዳዳ የሰበረቻት እትዬ ነበረች፣ በእናቷ ድምፅ ላይ ማንም ደርቦ እንዳይቀዳ ብላ።

እውነቱን ንገራት ብዬ ብመክረው በጄ አላለም። ክሩን ዕድሜ በልቶታል፣ ድምፁ በራሱ ጊዜ ጠፍቷል ብሎ ደወለላት። እሷም ልጆቿን አስከትላ መጣች። ምንም ባይሰማ ኮሽታውን ልስማው ብላ፣ እሱ ሊከለክላት እየተንተባተበ፣ ክሩን ወደ መጀመሪያው መልሳ ማጫወቻውን ራሷ ተጫነችው።

«ሄሎ፣ ሄሎ፣ ሙከራ! እሰይ!»

ያ ሁሉ ወሬው አንድም ሳይቀር ወጣ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ የእናታቸውን ፊት አይተው ተዉት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሬው ሲያልቅ ቀጭ አለና፣ ከሁሉም የተረፈችው የአማቴ ድምፅ መጣች።

«በቃ ዝጋው አንተ፣ ባትሪውን ጨረስከው እኮ።»

ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። እትዬ የቴፑን ክዳን ገልጣ የታጠፈችውን ወረቀት ከካሴቷ ጀርባ በጥፍሯ አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ቀዳዳዋን ስበሪያት ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለችው።

ልጆቿን ይዛ ወጣች። እሱ ወረቀቷን እንደጨበጠ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ቴፑም ባዶውን ይዞራል። እናቱ ዝጋው ያሉትን እንኳ የዘጋሁት እኔ ነኝ።