ዘይነብ የዘፈነችበት ኢድ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ስልኩን አምጥቶ ዓይኔ ሥር ደቀነው። እዚሁ ሳውዲ፣ ኹበር ባሕሩ ዳር በሦስት መድረክ ሙዚቃ ሊኖር ነው አሉ። «አክስቴ፣ አንቺም ትመጫለሽ፤ መቀመጫ አለ፣ ጥላ አለ፣ ውሃውም በየቦታው ነው» አለኝ። የእኔ ጉልበት እንኳን ለሦስት መድረክ ለአንዱም አይበቃም። ግን ሳቄ መጣ፤ እኛም በወጣትነታችን በሦስት ቦታ ዘፈን አሰናድተን ነበርና።

ያኔ አል ኹበር አል ጀኑቢያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር። ለኢድ ባሕሩ አጠገብ አዚዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት እስትራሃዎች፣ ለቀን የሚከራዩ ግቢዎች ማለቴ ነው፣ ያዝን። አንዱ ለመንዙማ፣ አንዱ ለወንዶቹ ጨዋታ፣ አንዱ ለእኛ ለሴቶቹ። የሴቶቹን የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ሰዓቱን ከምሳ በኋላ አደረግነው፤ ማዳሞቹ፣ አሠሪዎቻችን፣ በልተው ሲተኙ ነዋ ፈቃድ የሚገኘው። የባሕሩ ወበቅ ልብስ ከገላ ያጣብቃል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ በሎሚ፣ ተምር፣ ለደከማት ደግሞ ፍራሽ ካልኖረ ብዬ ድርቅ አልኩ። የወንዶቹን ግቢ የያዘው ሰይድ «ዘፈን ነው ወይስ ሐኪም ቤት?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ።

የእኔ ሐሳብ ዘይነብ ጋ ነበር። የወረኢሉ ልጅ ናት፤ ከእኛ አጠገብ ያለው ቤት ትሠራ ነበር። ድምፅ ነበራት። ማዳሟ ጫጫታ ስለማትወድ ግን ዕቃ እያጠበች በአፍንጫዋ ስታንጎራጉር ነው ዓመታቱን የገፋችው። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ወጥቶላት በዚያው ሳምንት አገሯ ልትገባ ነበር። «እቴ፣ አንድ ቀን እንኳ አፌን ከፍቼ ሳልዘፍን ከዚህ አገር አልወጣም» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላሰብን። ሴቶቹ ልጆች ረመዳንን ሙሉ፣ ቀን ለማፍጠሪያ ሲያበስሉ፣ ሌሊት ሱሁር ሲያቀርቡ ነው የከረሙት። መጡ፣ ሩዙን በዶሮ በሉ፣ ሎሚውን ጠጡ፣ ፍራሹን «እስቲ ጎኔን ላሳርፍ» እያሉ ነኩት፤ በቃ፣ ተኙ። ፍራሹ ሲሞላ ምንጣፉ ላይ ቀጠሉ። ከግንቡ ወዲያ የወንዶቹ ከበሮ ይደልቃል፤ የምትገላበጥ እንኳ የለችም።

ዘይነብ ኩሏን ተኩላ፣ የኢድ ልብሷን ለብሳ መጣች። ለዘፈኑ ያሰናዳሁትን ማይክ አንሥታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ልቀስቅሳቸው?» አልኳት።

«ተያቸው። ወሩን ሙሉ ማን አስተኝቷቸው?»

«አንቺስ? መሄድሽ እኮ ነው።»

«እኔማ ኢንሻአላህ አገሬ ገብቼ እጮኸዋለሁ።»

ማይኩን አስቀምጣ መሐላቸው ተቀመጠችና ዘፈነች። ያንኑ የማድ ቤት ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋ። አንዷ በእንቅልፍ ልቧ ተጠግታ ራሷን የዘይነብ ጭን ላይ ጣል አደረገች፤ ዘይነብ እሷን እየዳበሰች ቀጠለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ልጆቹን ሊመልሱ የመጡት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ፤ እየቀሰቀስን አሳፈርናቸው።

ዘይነብን ከዚያ ወዲህ አላገኘኋትም። አገሯ ገብታ እንዳሰበችው ዘፍና ይሆን፣ ወይስ እዚያም የሚተኛ ሕፃን ኖሯት ዝቅ እንዳደረገች ቀርታ ይሆን፣ አላውቅም። ፍራሽ በማንጠፌ አልቆጭም፤ እንቅልፉ ለልጆቹ ይገባቸው ነበር። ብቻ ያቺ ልጅ አፏን ከፍታ ብትዘፍን ድምፅዋ የት ድረስ ይሰማ እንደነበር ሳላውቅ አረጀሁ፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።