ያልላክኩት ስም

ይህን ለሚስቴም ለፓስተሬም ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው። ፈሪ መሆኔን ከዚሁ እወቅልኝ።

በፈረንጆቹ 2019 ሆንግ ኮንግ በተቃውሞ በተናወጠች ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት እዚያ የሚማሩ ልጆቻችንን ረብሻው ወዳልደረሰበት ከተማ ለማዛወር ወሰነ። የሚዛወረው ግን ቤተሰቡ ስሙን ያስመዘገበለት ብቻ ነበር። አትላንታ ካሉ ወላጆች ስም ሰብስቦ እንዲልክ የተመረጠው ማን ነበር? እኔ፤ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ።

ያን ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ተከፍላ ነበር። እህት አልማዝ ከወጡት ወገን ነበረች። ስትወጣ በጉባኤ ፊት ጣቷን ቀስራ ውሸታም ብላኛለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ዋሽቼም ነበር። በዚያው ሳምንት ስሟን ከአባላት መዝገብ ሰረዝኩት፤ ደስ እያለኝ።

አንድ እሁድ ከአምልኮ ስወጣ ፓርኪንጉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መግባት አፍራ ነው። ሆንግ ኮንግ የምትማረውን የልጇን የሜሮንን ስምና የፓስፖርት ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችኝ።

«ወንድም ታደሰ፣ ያለፈውን ተወው። በጌታ፣ ስሟን ዛሬውኑ ሰብሚት አድርግልኝ።»

«እሺ፣ እህቴ» አልኳት።

አልላክኩትም። ረሳሁት እንዳልልህ፣ አልረሳሁትም። የሌሎቹን ዘጠኝ ልጆች ስም ስጽፍ ወረቀቷ አጠገቤ ነበር። ትንሽ ትለማመጠኝ አልኩ። ሁለተኛ ዝርዝር መጠየቁ አይቀርም አልኩ። አልተጠየቀም። ዘጠኙ ወጡ፤ ሜሮን ዶርሟ ቀረች። በአራተኛው ቀን ምግብ ልትገዛ ስትወጣ ግርግር መሃል ገባች፤ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነገር ግራ ዓይኗን መታት። ዓይኗ ጠፋ። ሃያ ዓመቷ ነበር። አንድ መስመር መጨመር ምን ይከብደኝ ነበር?

ሰው ሁሉ መንግሥትን ረገመ። የአቤቱታውን ደብዳቤ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። «ዜጋችሁን ረሳችሁ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ፣ በዚሁ እጄ!

አልማዝ ወደ እኛ ተመለሰች፤ ቂሜን ትቼ የረዳኋት መስሏት። ልጅቷ አትላንታ የመጣች ጊዜ እጇን ይዛ ወደ እኔ አመጣቻት።

«ሜሪዬ፣ ስምሽን የላኩልሽ ጋሽ ታደሰ እሳቸው ናቸው።»

ሜሮን ወደ እኔ ዞር አለችና በሁለት እጇ እጄን ያዘችኝ።

«ቴንክ ዩ፣ ጋሼ። ሪሊ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ምንም አይደለም፣ ልጄ» አልኳት። ይህንንም አልኳት።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሜሮን ናት፤ ለእሷ ደግሞ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።