ምብራት ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች

ምብራት ገብረትንሣኤ መቀመጥ አይሆንላትም። ልጅ ሳለች የሠራተኛ ሰፈር ጎረቤቶች «ይህችን ልጅ ፈጣሪ እግር ሲሰጣት መቀመጫ ረስቷል» ይሏት ነበር፤ አርባዎቹን አጋምሳም ያው ናት። የታክሲ ሰልፍ ከምትጠብቅ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ ዳገቱን በእግሯ መውጣት ይቀላታል። ባልም አግብታ ነበር። ሰውየው ደግ ሰው ነው፤ ግን ማታ ማታ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ማየት ቢታክተው በሰላም ተለያዩ። አሁን የምትኖረው ተወልዳ ባደገችበት ቤት፣ ከአባቷ ከአቶ ገብረትንሣኤ ጋር ነው።

እንዲህ ያለች ሴት እንጀራዋ ተቀምጦ ፊደል መልቀም መሆኑ የፈጣሪ ቀልድ ካልሆነ ምን ይባላል? በወጣትነቷ ፒያሳ ታይፕ ተማረች፤ ቀጥላም ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የጥናት ተቋም በጸሐፊነት ተቀጠረች። ተቋሙ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ መጽሔት ያወጣል። መጽሔቱ ሕግ በአዋጅ ላይ ምን እንደሚል ሳይሆን ሰፈር ሲወርድ ምን እንደሚሆን የሚያጠና ነው፤ ሰው ለምን ክሱን አቋርጦ ሽማግሌ እንደሚልክ፣ ፍርድ ቤት የረታውስ ለምን ተመልሶ ጎረቤቱን ደጅ እንደሚጠና። ምብራት ከታይፕ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከጸሐፊነት ወደ ቋንቋ አራሚነት እያለች እዚያው ከረመች። ምሁራኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ «ከዚህ አንጻር» ሲሉ ሁለቱን የምትነቅለው እሷ ናት። ያልተባለውን ተባለ ብሎ መጻፍን ከሌብነት አሳንሳ አታየውም። በዚህ ከዶክተሮቹ ጋር ስንቴ ተኳርፋለች።

መጽሔቱን ማን ያነበዋል ከተባለ፣ ዋና አዘጋጁ ራሱ «ከጻፈው ሰውና ከምብራት በቀር ማንም» እያለ ይቀልዳል።

የዚህኛው እትም የመጨረሻ ጽሑፍ የኤዶም ነበር። ኤዶም ወጣት መምህርት ናት፤ የማዕረግ ዕድገቷ በዚህ ጽሑፍ ላይ ቆሟል። ያጠናችው የአራዳን ሽማግሌዎች ነው። ሽማግሌ ሳፈላልግ ደከምኩ ብትላት እጇን ይዛ አባቷ ዘንድ የወሰደቻት ምብራት ነበረች። አቶ ገብረትንሣኤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲደክማቸው ሰዓቱን ተዉና ሰው ማስታረቁን ያዙ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራቸዋል። የተጠሩበት ነገር ሳይበርድ የተመለሱበት ቀን የለም ይባላል።

ምብራት ጽሑፉን እንደ ልማዷ ቆማ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፋ አነበበችው። ሦስተኛው ታሪክ ላይ ስትደርስ ግን ወንበር ፈለገች።

አንድ ወንድምና አንዲት እህት ናቸው። ልብስ ሰፊ እናታቸው በረመዳን ወር ታርፋለች። ወንድምየው የስፌት ቤቱን ቆልፎ የእህቱን ዕቃ ደጅ ያወጣል። አንዱ መደበኛ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይከሳል፤ ሁለቱም መዝገብ ይጓተታል፤ በመጨረሻ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ለየብቻ፣ በተለያየ ቤት ሰሙ። ከዚያ ኤዶም እንዲህ ጽፋለች፦ «ለእህት ‹ወንድምሽ ስምሽ ሲጠራ አለቀሰ› አሏት። ለወንድም ‹እህትህ፣ ወንድሜ አይደለም አባቴ ነው ብላለች› አሉት። ወንድም አላለቀሰም። እህትም አላለችም።» ሁለት ሕግ ያቃተውን ነገር የሽማግሌ ውሸት እንደተወጣው በብልሃት ታስረዳለች። ጽሑፉ ግሩም ነው፤ ምብራትን ካናደዳት ነገር አንዱም ግሩም መሆኑ ነበር።

ስም የለበትም፤ «ወንድም» እና «እህት» ብቻ ነው የሚለው። ግን የአራዳ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? የሲንና ከዲጃ ናቸው። ከዲጃ ከምብራት ጋር አንድ ክፍል የተማረች፣ ዛሬም ድረስ የልቧ ወዳጅ ናት። የየሲን ለቅሶ ደግሞ በሰፈሩ ምሳሌ ሆኗል፤ ወንድማማች ሲጣላ «የሲን እንኳ ለእህቱ አልቅሶ የለም ወይ» ይባላል። ምብራትም ራሷ ስንቴ ብላዋለች። ለካ አላለቀሰም።

ዋና አዘጋጁ ዘንድ ገባች። የተጠኑት ሰዎች ሳይፈቅዱ ታሪካቸው እንዳይወጣ የመጽሔቱ ደንብ ይከለክላል፤ ኤዶም ሽማግሌዎቹን እንጂ ሁለቱን አላስፈቀደችም። እሱም የተለመደ ቀልዱን ጀመረ፤ ማን ያነበዋል አላት። የየሲን ልጅ ይኸው እዚህ ስድስት ኪሎ ሕግ እንደምትማርና መጽሔቱም ለተማሪዎች እንደሚታደል ስትነግረው ቀልዱን ተወ። እንግዲያው አስፈቅጂያቸው አለ። እንቢ ካሉ ከእትሙ ይነሣል፤ ከፈቀዱ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል።

ደስ ብሏት ወጣች። አራት ኪሎ እስክትደርስም ደስታዋ አልለቀቃትም። ቁልቁለቱን ስትጀምር ነው ነገሩ የከነከናት፤ ምን ብላ ነው የምትጠይቀው? የታረቃችሁት በውሸት ነው፣ እንድናትመው ትፈቅዳላችሁ ልትል ነው? ካልጠየቀች ደንቡ ይፈርሳል፣ ከጠየቀች ዕርቁ ይፈርሳል። ሳልጠይቅ እንቢ አሉ ልበል ይሆን ብላ አሰበችና አፈረች። የኤዶም ልፋት ትዝ አላት። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ከዲጃ ስቃ ታልፈው ይሆናል። እንዲህ እያወጣች እያወረደች ሰፈሯን አልፋው ሄዳ ከቴዎድሮስ አደባባይ ተመለሰች።

አባቷ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ነገሩን ስትነግራቸው አልደነገጡም፤ አላፈሩምም። ወጣት ልጅ ልትማር ስትመጣ ሙያ ይደበቃል እንዴ አሉ። ስም እንዳትጠራ አስጠንቅቀዋታል፤ አልጠራችም።

«አባባ፣ እርስዎ ግን ዋሽተዋል» አለች ምብራት።

«ዋሽቻለሁ። እውነቱማ ነበራቸው፤ እውነቱን ይዘው ነው ፍርድ ቤት የተመላለሱት» አሉ። ከዚያ «ጽሑፉን ከመጽሔቱ አስወጪው። እነሱን ግን አትጠይቂ። የተቀበረ አይቆፈርም» አሏት።

ሌላ ሰው ቢሆን የአባቱን ቃል ሰምቶ ይቀመጥ ነበር። ምብራት መቼ መቀመጥ ታውቅና! ቤት ገባች፤ ወጣች፤ ውሃ ጠጣች፤ ነጠላዋን ለበሰች። ደንቡ ትክክል እንደሆነ ታውቃለች፤ አባቷም ትክክል እንደሆኑ ታውቃለች፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አልስማማ ብለው እሾህ ላይ የተቀመጠች ያህል አንገበገቧት። እነ ከዲጃ በር ላይ የደረሰችው መሄዷን ሳትወስን ነው።

የሲን በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናውን እያንቀጫቀጨ ነበር፤ ለሰላምታዋ ራሱን ነቅነቅ አደረገላት። ወሬ የማይወድ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ከዲጃ በውስጠኛው ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ዕርቁ ከተፈጸመ ወዲህ እሱ ይሰፋል፣ እሷ ትጨርሳለች፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ።

ምብራት ዙሪያ ጥምጥም ጀመረች። ስለ ብርዱ አወራች፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት ጠየቀች፣ ስለ መጽሔቱ ትንሽ አለች። ከዚያ እንዲያው ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የነገሩሽ ነገር ትዝ ይልሻል ወይ አለቻት። የአራዳ ልጅ ነገር ይሸታታል፤ ከዲጃ መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«ምን ለማለት ነው ምብሬ?»

«እንዲያው ነው።»

«አንቺ እንዲያው አትጠይቂም። ያን ቀን ሻንጣዬን አስሬ ነበር፤ ደሴ አክስቴ ጋ ልገባ። አለቀሰ ሲሉኝ ነው የፈታሁት። እኔ እኮ ይሄን ሰውዬ እናታችን ስትቀበር እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። ለእኔ አለቀሰ ሲሉኝ...» አለችና አልጨረሰችውም። ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ተለወጠ። «አላለቀሰም እንዴ?»

ምብራት ሃያ ዓመት ሙሉ ያልሆነውን ከሆነው ስትለይ የኖረች ሴት ናት። «አለቀሰ እንጂ» አለች።

«አባትሽ ነግረውሻል?»

«ነግረውኛል። መሐረብ የሰጡት እሳቸው ናቸው።» መሐረቡ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ዝም ብሎ ከአፏ ወጣ።

ከዲጃ ትክ ብላ አየቻት። «እስቲ አባቴ ይሙት በይ።»

ምብራት ከአባቷ በቀር በዓለም ላይ ማንም የላትም። በውሸት መማል እንኳን በአባት፣ በማይታወቅ ሰውም ያስፈራታል። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ማለቱን ያን ጊዜ አስተዋለች።

«አባቴ ይሙት» አለች።

ከዲጃ ረጅም ትንፋሽ ወጣላት። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወደ ቁልፏ ተመለሰችና ምብራትን አስደነገጥሽኝ ብላ ተቆጣቻት፤ ሻይ ልታመጣላትም ተነሣች። ምብራት ሻዩን አልጠበቀችም። ነገ ለዋና አዘጋጁ ጠይቄያቸው እንቢ አሉ ትለዋለች፤ ለኤዶምም ፊቷን እያየች ያንኑ ትደግምላታለች። ሌላ መንገድ አልታያትም። እግሯ ቶሎ ቶሎ ወደ በሩ ወሰዳት።

የሲን የስፌት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተከትሏት ወጣ። የቤቱን በር ከኋላው ገጠም አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እኔ አላለቀስኩም።»

«አውቃለሁ ጋሼ የሲን።»

«በአባትሽ ማልሽ።»

«ማልኩ።»

አንድ ታክሲ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ምብራት ሊቆጣት ነው ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በመዳፉ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ለእኔ ደግሞ፣ እህትህ ወንድሜ አይደለም አባቴ ነው ብላለች ብለውኝ ነበር» አለ። «እናታችን ከሞተች ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ብላለች?»

ምብራት ያነበበችው ገጽ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። «እህትም አላለችም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ራሷ ነበረች ያረመችው።

«ብላለች» አለችው።

የሲን አያት። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን እንደ ወትሮው ጭምት ነው።

«አላስምልሽም» አለና ወደ ቤቱ ገባ።