ሁልጊዜ ተረኛ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሲያርፉ ፕሮግራም እንድጽፍ የተለመንኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ለአባላቱ በስልክ መልእክት ይልካል፤ ለቅሶ ቤት የሚያገለግለውን ተረኛ ደግሞ በቁጥር ቅደም ተከተል ለብቻው ይጠራል። ያኔ መቶ ሃያ ነበርን።

ፕሮግራም ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ቁጥር ሲጠየቅ ስህተት (ኤረር) ብሎ ይቆማል። አስከሬኑ እቤት ተኝቶ፣ ፕሮግራሙ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀጥ ሲልብኝ ታየኝና ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ቁጥሩ ካለፈ ዝም ብሎ የመጨረሻውን አባል እንዲጠራ አደረግኩት። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የካዛንቺሱ ሰፈራችን ፈረሰ። የእድሩ ሰብሳቢ ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱትን ከዝርዝሩ ሲሰርዙ ሠላሳ ስምንት ቀረን። ተራ ቆጣሪው ግን እስከ መቶ ሃያ መቁጠሩን አልተወም።

ሠላሳ ስምንተኛዋና የመጨረሻዋ አባል ሰማንያ ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ናቸው። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንትን ሲያልፍ ለአራት ለቅሶ በተከታታይ ተጠሩ፤ አንዱንም አልቀሩ። አንድ ቀን ሰብሳቢው ደወሉና እማማ ዕቃቸውን ለሰው እያደሉ መሆናቸውን ነገሩኝ። ደምበል አጠገብ ካለው ቢሮዬ በቀጥታ ሄድኩ።

ከፍርስራሹ ዳር የቀረችው ቤታቸው በሯ ክፍት ነበር። ቁም ሳጥኑ የነበረበት ግድግዳ ላይ ቅርጹ ብቻ ቀርቷል። አልጋው ላይ የታጠፈ መግነዝ፣ በመግነዙ ላይ ስልካቸው ተቀምጧል። ፈራሁ።

«እግዜር አራቴ ጠራኝ፤ አምስተኛው የራሴ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው።

ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ስልኩ መግነዙ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሌላ ሰው ሞቷል፤ ተረኛዋ እማማ ናቸው። ሳያዩት አማተቡ።

«እማማ፣ የጠራዎት እኔ ነኝ» አልኩና ጥፋቴን ሁሉ ነገርኳቸው።

ስልኩን ከመግነዙ ላይ አንስተው ሰጡኝ።

«ሰዎቹ እንደሌሉ እያወቅህ፣ የሉም ማለት ምን ነበረበት ልጄ?»

በቦታቸው ለቅሶውን እኔ አገለገልኩ፤ በማግስቱም ያቺን «የመጨረሻውን ጥራ» የምትል የፕሮግራም መስመር አጠፋሁ። አሁን ዝርዝሩን የያዘው የፕሮግራሙ ክፍል ራሱ ቁጥሩን አስቀድሞ ያያል፤ ካለፈ ማንንም አይሰጥም። ፕሮግራሙ ለቅሶ መሀል ይቆምና «ሰባ ሦስት ቁጥር የለም» ይላል። ሽማግሌዎቹ ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ተነጋግረው ሰው ይመድባሉ።

እማማን አሁን ማንም በስህተት አይጠራቸውም። የሰጡትን ዕቃ ግን አላስመለሱም፤ መግነዙም እስከ ዛሬ አልጋው ላይ ነው።