ፀሐይ ይዛችሁ አትግቡ

የያዙኝ በዘፈን ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ሰው ሜሞሪ ሲያመጣልኝ ዘፈን እጭናለሁ። ምን ዘፈን እንደሆነ አልመርጥም፤ ከጫንኩት ግማሹን ሰምቼውም አላውቅ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች መጡና ኮምፒውተሩን አስከፈቱኝ። አንዱን ዘፈን እስከ ግማሽ ሰሙት። አንደኛው ሳይታወቀው በእግሩ ምቱን ይከተል ነበር። ከዚያ አጠፉትና «ለጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሻለሽ» አሉኝ። «አሁን» ስላሉኝ ኪዮስኩን እንኳ አልቆለፍኩም።

ያስገቡኝ ቦታ እስር ቤት አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቀድሞ ምርጥ ዘር ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነበር፤ የገለባ አቧራና ዓይን የሚቆጠቁጥ የዘር መድኃኒት። ወለሉ ሲሚንቶ፣ አልጋው ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከጣራው ሥር በሽቦ የታጠረ። በየጥጉ የተቀመጡ ሴቶች ቀና ብለው አዩኝ። ማንም «ምን አድርገሽ ነው?» አላለኝም። አንዲት ወፈር ያሉ ሴት ብቻ ጆንያ እየሳቡ «ነይ ወዲህ፣ ከበሩ ሥር ብርድ ይገባል» አሉኝ።

እሳቸው ሉማሜ መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የታሰሩት ቤታቸው ሻይ የጠጡትን ሰዎች ማንነት አልተናገሩም ተብለው ነው። «ሻይ ለጠጣ ሁሉ መታወቂያ ልጠይቅ እንዴ? እኔ የምጠይቀው ስኳር ነው፤ አንድ ነው ሁለት?» ይሉ ነበር።

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እዚያም ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ ጀመርኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ኧረ በእመብርሃን ተቀመጪ» አሉኝ እትዬ። «እንደ አውድማ በሬ አትዙሪብን። ራሳችንን አዞርሽው።»

«ካልተንቀሳቀስኩ እፈነዳለሁ።»

«ፈንጂ ብለው ይጨምሩልሻል፤ ተቀመጪ።»

ልጁን ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። በማዶው ጥግ ከደብረ ኤልያስ ገጠር የመጣች፣ በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት ተቀምጣለች። ጉያዋ ውስጥ ገና ግድግዳ ይዞ መሄድ የጀመረ ወንድ ልጅ አለ። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ከነልጇ አመጧት። «ባልሽ የት ነው?» ሲሏት «ካገኛችሁት ለኔም ንገሩኝ፤ ሽንብራው ሳይታጨድ ነው የሄደው» ብላቸዋለች። ልጁን ማሙሽ እንለዋለን። እሱ ደግሞ ያየውን ሴት ሁሉ «እማ» ይላል። እኔ ስመላለስ በዓይኑ ይከተለኛል። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስለዋል።

«ጉንፋን ነው» አለች እናቱ።

ግንባሩን ነካሁት። ከፍም ውስጥ እንዳወጡት ድንች ነበር። የጉንፋን ትኩሳት እንዲህ አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ስታጠባው እትዬ ጠጋ ብለው ከጆሮው ኋላ ያለውን ፀጉር ገለጥ አደረጉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቆዳው ላይ ቀይ ሽፍታ ፈሷል።

«እናንተ ሴቶች፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ» አሉ። «ኩፍኝ ነው።»

ስሙን የጠሩት በሹክሹክታ ነው። በኛ አገር «ኩፍኝ ሳይወጣለት ልጅ አለኝ አይባልም» ይላሉ። ኩፍኝ የገባበት ቤት ሥርዓት አለው። ቤቱ ይጨልማል፣ ልጁ ይሸፈናል። ማንም አይጮህም፣ አይጣላም። ሽንኩርት አይጠበስም፤ ሽቶ የተቀባ ሰው አይገባም። ከውጭ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር ቆሞ ሰውነቱ እስኪበርድ ይጠብቃል። «ፀሐይ ይዘህ አትግባ» ይሉታል።

«ከባሏ ጋር ያደረች ሴትም አትገባም» አለች አንዲት ሴት ከጨለማው በኩል።

«እሱን እንኳ መንግሥት ጠብቆልናል» አሉ እትዬ።

ሳቃችንን በየነጠላችን አፈንን።

መስኮቱን የመሸፈን ሥራ ለኔ ደረሰኝ፤ ረጅም ነኝ። ሁለት ጄሪካን ደርቤ ወጣሁና የእትዬን ነጠላ ሽቦው ላይ መቋጠር ጀመርኩ። «ቫይረስ እኮ ነው። ቫይረስ ነጠላ አይፈራም» አልኩ።

«አንቺ ብቻ አጥብቀሽ ቋጥሪ።»

ቋጠርኩ። ብርሃኑ ሲቀንስ ልጁ ፊቱን ማኮማተር ተወ። ምንም ሳልል ወረድኩ።

ጠባቂያችን ጠዋት ጠዋት በሩን በዱላ ደብድቦ ነው የሚቆጥረን። በዚያች ሰዓት ልቤ ከዱላው ጋር አብሮ ይመታል። ያን ዕለት ግን እትዬ ቀድመው በሩ ስንጥቅ ላይ አፋቸውን አድርገው ጠበቁት።

«ወንድማለም፣ ቀስ። ኩፍኝ አለ።»

ዱላው ዝም አለ።

«ያ ትንሹ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ማርያም ትማረው» አለ። «እኛም ቤት ገብቶ ሁለት ወስዶብናል» አለ።

በሩን ሲከፍት ደፉን አልረገጠም። ውጭ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቆጠረን። ከዚያ ወዲህ በሩን በጣቱ ያንኳኳ ነበር። ውሃ ሲያመጣም ጄሪካኑን ይዞ ከጣራው ክፈፍ ሥር ይቆማል፤ ላቡ ሲደርቅ ነው የሚያቀብለን። ከታሰርኩ ጀምሮ በር አንኳኩቶ የመጣብኝ ሰው አልነበረም። እትዬ «ለኛ ብሎ መሰላችሁ? ለማሙሽ ነው» አሉ። «ቢሆንም ጥሩ ነው። ጆሯችን ትንሽ ይረፍ።»

ልጁ የሚተኛው እየተመላለሱ ሲይዙት ብቻ ሆነ። እናቱ ደከመች። ከዚያ ወዲያ ተቀመጪ የሚለኝ ጠፋ።

«የአውድማዋ በሬ፣ ተነሽ፤ ተጠምደሻል» ይሉኛል እትዬ።

እነሳለሁ። ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ይጥላል። ትኩሳቱ በሸሚዜ አልፎ ያቃጥለኛል። አንድ እጁን አንገቴ ሥር ከትቶ የማተቤን ክር ይዞ ይተኛል። ብቆም ይነቃል። እትዬ ከቤታቸው የመጣላቸውን ስኳር በውሃ እየበጠበጡ በማንኪያ ያጠጡታል። «የሉማሜ ሻይ ያለ ቅጠል» ይሉታል፤ እሱም አንዳንዴ ፈገግ ይላል።

ሽፍታው ከፊቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ እግሩ ወረደ። እናቱ «ወጣለት» ብላ ደስ አላት፤ ሲወጣ ትኩሳቱ ይለቃል ይባላል። ሽፍታው ወጣ፣ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀም። ትንፋሹ ፈጠነ። ስይዘው ጎኑ ወደ ውስጥ ስርጉድ ስርጉድ ሲል መዳፌ ላይ ይሰማኛል።

«ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት» አልኳት።

«መርፌ ይወጉብኛል።»

«ይውጉታ!»

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም። የእህቴን ልጅ ወግተውት በዚያው ቀን አረፈ። እኔ ነኝ አቅፌ የመለስኩት።»

«መርፌው አይደለም የገደለው። ዘግይታችሁ ወስዳችሁት ነው።»

«አንቺ ነበርሽ እዚያ?»

«አልነበርኩም። ይኼኛው ግን ይሞትብሻል።»

«የዚች ልጅ አፍ መዝጊያ የለውም» አሉ እትዬ፣ ለራሳቸው ያህል። እናትየዋ አልተቆጣችም። ልጁን ከእጄ ወስዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ይቅርታ አላልኩም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ሲነጋ ጡት ስትሰጠው አልያዘም። ደጋግማ ሞከረች። ወተቱ በጉንጩ ላይ ፈሰሰ። ተነስታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጡቴን እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ይውጉት። አስወስጂልኝ።»

ጠባቂው ሲያንኳኳ ነገርኩት። ለአለቃው ሊነግር ሄደ። መልሱን ይዞ ሲመጣ ፊታችንን አላየም።

«ልጁ እስረኛ አይደለም፣ ይሂድ ብለዋል። እናትየዋ እስረኛ ናት፤ አትወጣም።»

«ታዲያ ማን ይዞት ሊሄድ ነው?» አልኩት።

«እኔን ነው ያሉኝ።»

«አንተ ታጠባዋለህ?»

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ።

እናትየዋ ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ አሰረችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ጎትታ አጠበቀች። «ይህን የሚፈታ ይምጣ» አለች።

«ለአለቃህ ይህንኑ ንገረው» አልኩት። «ራሱ መጥቶ ይፍታው።»

መጣ። ቀትር ላይ ነበር። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ በስልክ እያወራ ግቢውን አቋረጠ፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። በሩ ሲከፈት ደፉ ላይ ቆሜ ተገኘሁ። አስቤበት አይደለም፤ ስመላለስ እዚያ ደርሼ ነው።

«ዞር በይ» አለኝ።

«ሽቶ ተቀብተዋል፤ ፀሐይም ይዘዋል። ውስጥ ኩፍኝ አለ።»

ከኋላው ጠባቂው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ሥርዓቱን ራሴም ሙሉ በሙሉ አላምንበትም። ግን ሕግ ብጠቅስለት ይስቅብኝ ነበር፤ ይኼን እናቱ ሳታስተምረው አትቀርም ብዬ ነው።

መነጽሩን አወለቀ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል፤ ዘጋው። ዞሮ ግቢው ውስጥ ወዳለው የውሃ በርሜል ሄደ። እጅጌውን ሰብስቦ አንገቱንና ፊቱን ታጠበ፣ ደጋግሞ ታጠበ። ከዚያ መጥቶ ክፈፉ ሥር ቆመ። ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል። የሚሰማው የልጁ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እሱም ሰማው መሰለኝ።

«አሁንስ?» አለኝ።

አሳለፍኩት።

ከእናትየዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። ቋጠሮውን አልነካም። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«እንዲህ መተንፈስ ከጀመረ ቆየ?»

«ሽፍታው ከወጣ ወዲህ ነው፣ ጌታዬ።»

ተነሳና ጠባቂውን «ውሰዳቸው» አለው።

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም አልኩህ። አታስጩኸኝ።»

ይህንንም ያለው በሹክሹክታ ነው።

መኪናው የቆመው ግቢው በር ጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እናትየዋ ደፉ ላይ ደርሳ ብርሃኑን ስታይ ወደ ኋላ አለች። ያን ጊዜ እትዬ ከጆንያቸው ላይ ጋቢያቸውን አንስተው ዘረጉት። አንዱን ጥግ እሳቸው ያዙ፣ አንዱን እኔ፣ አንዱን ያቺ ከጨለማው የተናገረችው ሴት።

«አንድ ጥግ ጎደለ» አሉ እትዬ።

ጠባቂው አለቃውን አየ። አለቃው ፊቱን በመሐረብ ያደርቃል። ጠባቂው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና አራተኛውን ጥግ ያዘ።

ጋቢውን ከእናትና ከልጁ ራስ በላይ ወጥረን ሜዳውን አቋረጥን። እኔ እንደ ልማዴ ልሮጥ ስል እትዬ «ቀስ በይ፣ ጥምቀት ላይ ያለሽ ይምሰልሽ» አሉኝ። ቀስ አልኩ። መኪናው በር ጋ ጠባቂው ጥጉን ለቀቀና ከፊት ገባ። እሷም ጎንበስ ብላ ገባች፣ ቋጠሮዋን በሁለት እጇ ደግፋ። መኪናው ሲወጣ ሦስታችን ጋቢውን እንደወጠርን ቀረን። ከሥሩ ማንም የለም።

ስንመለስ የመስኮቱን ነጠላ ላወርድ ስል እትዬ ከለከሉኝ።

«ልጁ እኮ የለም።»

«ቤቱ ግን የሱ ነው። ሳይመለስ አይገለጥም።»

እነሱ እስኪመለሱ በጨለማ ተቀመጥን። አልተጣላንም፣ አልጮህንም። ጠባቂውም አድርሷቸው ተመለሰ፤ ልጁ እንደሌለ እያወቀም በጣቱ ማንኳኳቱን አላቆመም።

ሲመለሱ የማሙሽ እግር ቀጥኗል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ሳሉም ገና አልለቀቀውም። ሲያየኝ «እማ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ተነሽና ተመላለሺ ማለቱ ነው። ግንባሩን ነካሁት። እንደ ማንኛውም ልጅ ግንባር ነበር።

«ወጉት?» አልኳት።

«ወጉት። ሳንባው ጋ ደርሷል አሉ። በአፉም ጠብታ ሰጡት።» የልጁን እግር እየዳበሰች «እግሩን የያዝኩላቸው እኔው ነኝ» አለች።

ጄሪካኖቹ ላይ ወጥቼ ነጠላውን ፈታሁ። ፀሐይ ገባች። ልጁ በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈውን የገለባ አቧራ ጨብጦ ይይዛል፣ መዳፉን ከፍቶ ያያል፣ ባዶ ሲሆንበት ይስቃል። እንደገና ይጨብጣል። እትዬ ነጠላቸውን አራግፈው ለበሱና ፊታቸውን ሸፈኑ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ በዱላ ተደበደበ።

«ይኸው» አሉ እትዬ፣ «ድኗል ማለት ነው።»

እኔ ከእትዬም ከማሙሽ እናትም በፊት ተፈታሁ። ዘፈኑ ምን ጥፋት እንዳለበት የነገረኝ የለም፤ ለምን እንደለቀቁኝም። ኪዮስኳን ከፍቼ አሁንም ዘፈን እጭናለሁ፤ አሁን ግን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። የማሙሽ እናት ወደ ገበያ ስትወጣ ኔትወርክ ካገኘች ትደውልልኛለች። እየሮጠ ያመልጠኛል ትላለች። ስለ ባሏ አልጠይቃትም፤ እሷም አትነግረኝም።

መቀመጥ ዛሬም አልሆነልኝም። ሕፃን ያለበት ቤት ስሄድ ግን፣ ኩፍኝ ኖረም አልኖረም፣ ደጃፉ ላይ ጥላ ፈልጌ እቆማለሁ። «ግቢ እንጂ፣ ምን ገተረሽ?» ይሉኛል። «መጣሁ፣ ፀሐዩ ይውረድልኝ» እላለሁ። ይስቁብኛል። ሰውነቴ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ከዚያ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ፣ በጣቴ አንኳኳለሁ።