በዳኮታዋ መስኮት ያለው ሰው

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ከመስቀል በኋላ ነው። ዓመት አለፈው፤ ከአእምሮዬ ግን አልወጣ ብሎኛል። ምናልባት ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። መደርደሪያዬ ላይ የጥንት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሞዴሎች ደርድሬያለሁ። ከብረት የተሠሩ፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጡ፣ ቀለማቸው ሳይቀር እንደ እውነተኞቹ የሆኑ ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ዘመድ ሁሉ "ሽቶውን ተወው፣ አውሮፕላን አምጣልኝ" እያልኩ ነው ያጠራቀምኳቸው። ባለቤቴ "ትልቁ ልጃችን አንተ ነህ" ትለኛለች። ትበል። እኔ እንደሆነ አቧራቸውን እንኳ ለሌላ ሰው አላስጠርግም።

ከሁሉም የምወዳት ዳኮታዋን ነው። ዱሮ እኛው ከተማ ሜዳ ላይ ታርፍ የነበረችው ባለ ሁለት ሞተሯ ዓይነት ናት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እናት ከአምበር መጡ። እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ። ለለቅሶ የሚሆን ትልቅ ፎቶ እንዳዘጋጅላቸው ፈለጉ። በእኛ አገር አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ሲለቀስለት ፎቶው ወይም ልብሱ መሀል ይቀመጣል። "ፎቶውን ይስጡኝ" አልኳቸው።

"የለውም" አሉኝ። "ወንድሜ ነው፣ ይግዛው። በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ እንደሄደ ቀረ። አባታችን 'ይመጣል' እያለ ለቅሶ እንዳንቀመጥ ከለከለን፤ እሱም ሞተ። ልብሱን ታናናሾቹ ለብሰው ጨረሱት። አሁን እኔም ታምሜያለሁ። ሳላለቅስለት ከሞትኩ ማን ያለቅስለታል?"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ። ተነሥተው ዳኮታዋን አመለከቱኝ።

"በዚች ነው የሄደው። በመስኮቷ እጁን ሲያውለበልብልኝ ነው መጨረሻ ያየሁት። እሷን አንሳልኝ።"

ምን እላለሁ? አወረድኳትና ጎንበስ ብዬ በጎኗ በኩል አነሳኋት። ከሰዓት እንዲመለሱ ነገርኳቸው።

ፎቶውን አሳድጌ ሳወጣው ጠጋ ብዬ አየሁት። አንዷ መስኮት ላይ ሰው አለ። ጭንቅላትና ትከሻ። የሞዴሏ መስኮት እኮ ቀለም ነው፤ ውስጧ ድፍን ብረት ነው። ቆይቼ ሳስበው የራሴ ጥላ ነው አልኩ፣ የሚያብለጨልጨው ቀለም ላይ ያረፈ። ታዲያ ሌሎቹ መስኮቶች ላይ ለምን የለም? በኮምፒውተር ላጠፋው ስል እማማ ጥሩወርቅ ገቡ።

ጣታቸውን መስኮቷ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው "ይግዛው" አሉ።

"እማማ፣ ጥላ ነው። የእኔ ጥላ ነው። ላጥፋውና እንደገና ላውጣልዎት።"

"ተው ልጄ፣ አትንካብኝ።"

የለቅሶው ቀን ሥራ ቦታ መቀመጥ አቃተኝና አምበር ሄድኩ። ፎቶው ድንኳኑ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልቃሿ ሙሾ ስታወጣ ሰው ይቀበላል፣ ደረት ይደቃል። እማማ ጥሩወርቅ መስኮቷን እያዩ "ውረድ ወንድሜ፣ በቃህ ውረድ" ይላሉ። በቁሜ የሚለቀስልኝ መሰለኝና ፈራሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ፎቶውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

"የይግዛው ዘመድ ነህ?"

"አይ አባቴ፣ ፎቶ አንሺው ነኝ።"

"ትመስለዋለህ" አሉኝ። አብረውት ያደጉ ሰው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዳኮታዋን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ደጋግሜ አንስቻታለሁ። ምንም አይወጣም። በመጨረሻ ያን ጎኗን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

በቅርቡ እማማ ጥሩወርቅ ለገበያ መጥተው ጎራ አሉ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። መደርደሪያውን አይተው "ለምን አዞርከው?" ሲሉኝ አቧራ የምጠርግ መስዬ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ።

"አታዙርብኝ ልጄ። ስንት ዘመን ጠብቄ ነው ያየሁት።"

መልሼ አዞርኩት። እውነቱን ለመናገር አሁንም እፈራለሁ። ጠዋት ፎቶ ቤቴን ስከፍት ወደዚያ ላለማየት እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም። "እንዴት አደርክ ይግዛው" ብዬ ነው ሥራ የምጀምረው።