ለይሁኔ የገጠምኩት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ዘንድ በየጾሙ እቀርባለሁ፤ ጠላ ማብዛቴን፣ ደንበኛ መሳደቤን፣ ቅዳሴ ማስታጎሌን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ ያ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚፈሩት ምላስ! እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ። ስሙኝና ፍረዱ።

ሙሉቀን እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ሲኬድ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ገበያው አፋፍ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በስፌቴ አይደለም። የላይ ሰፈር የገና ቡድን ገጣሚ ስለነበርኩ ነው።

ገና የማይጫወት አገር አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የኛ ግን የራሱ ወግ አለው። ዱላው በኅዳር ይቆረጣል፤ ጫፉ እሳት ላይ ሞቅ ተደርጎ ይጎብጣል፣ ቅቤ ይቀባል። ሩሯን፣ ያቺን በዱላ የምትመታውን የእንጨት ኳስ፣ ከአያ ደሴ በቀር የሚጠርባት የለም። አያ ደሴ የቡድናችን አለቃ ነበሩ። የቡድኑን ታሪክ ንገሩን ስንላቸው በዓመተ ምሕረት አይነግሩንም። «ያ እገሌ ሱሪው የተተረተረ ለት» ይሉና የዚያን ለት የተገጠመውን ይደግሙልናል። ማን በስንት እንዳሸነፈ ይረሳል፤ ግጥሙ አይረሳም።

ወጉ እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ተሸናፊዎቹ ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው በረድፍ ይቀመጣሉ። የአሸናፊው ገጣሚ ከፊታቸው ይቆምና አንድ በአንድ ይሰድባቸዋል። የተሰደበ ሰው መሳቅ አለበት። ያኮረፈ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ሆኖ ይከርማል። ሹም ሆነ ባለጠጋ ለዚያች ቀን ቅያሜ አያውቅም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ!

እኔ ጥቂት ጊዜ ቅኔ ቤት ስለቆየሁ ቤት መምታት አይቸግረኝም ነበርና ገና በጎረምሳነቴ ይህን ሥራ ሰጡኝ። ወደድኩት። ሩሯን በወጉ መምታት እንኳ የማልችል ሰውዬ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አፌን አፌን ያየኛል። እዩት እንግዲህ፣ ትዕቢት ከዚህ ነው የጀመረኝ።

ይሁኔ የታች ሰፈር ልጅ ነው። ሜዳ ላይ ባላጋራዬ፣ ከሜዳ ውጭ ወንድሜ። ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የኖርነው። እናቱ እትዬ ዘውዴ ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ባል የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሲልኩ ድርቆሹና ቆሎው ለሁለት ይቋጠር ነበር። «ይኼኛው የሙሉቀን ነው፣ እንዳትነካበት» ብለው ይልኩበታል። የኔ እናት ለይሁኔ ለብቻው ቋጥራ አታውቅም። እሳቸው ግን እንደዚያ ነበሩ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ትምህርቱን ጨርሰን ሁለታችንም አገራችን ገብተናል። ይሁኔ ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች፤ አገር ያውቃል። ገናው ሊደርስ ሲል ከማርቆስ ገበያ በእግር ስንመለስ አንዲት ነገር ነገረኝ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ።

«እሰይ! ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?»

«ዘር ይቆጥራሉ ብዬ ነዋ።» ጥቂት ተራመደና፣ «የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከዓባይ ማዶ ነው የመጡት፤ እዚህ የሚያውቅ የለም። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ፣ ሆዴ አልችል ብሎኝ» አለ።

«በቃ፣ እኔ ዘንድ ገባ አለቀ» አልኩት። «ከሆዴ አይወጣም። እመብርሃንን!»

ማልኩለት። በእመቤታችን ስም ማልኩለት።

የዛሬ ልጆች ምን አለበት ትሉ ይሆናል። በኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬም በሹክሹክታ የሚለው አይጠፋም። ድስቷን ገዝቶ ወጥ ይሠራበታል፣ ልጁን ግን ለልጇ አይድርም፤ ማዕድም አብሯት አይቀርብም። እኔስ አምነው ነበር? አላምነውም! ከእትዬ ዘውዴ እጅ ስንት ዓመት በልቼ አንድ ቀን ሆዴን ቆርጦኝ አያውቅም። ሳላምነው ነው ያደረግሁት። ያመነ ሰው ቢያደርገው እንኳ ፈርቶ ነው ይባላል። እኔ ምን ልባል?

የመውቂያ ሰሞን ነበር። አውድማ ላይ ከበሬዎቹ ኋላ እየዞርኩ ጤፍ ሳበራይ ግጥሙ መጣልኝ። ቤቱ ግጥም ብሎ መጣ። በሹክሹክታ ለበሬዎቹ አልኩላቸው፤ ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት ቃል አልጥም ብላኝ ለወጥኳት። ማታም ተኝቼ አሰብኩት፣ በነጋታውም ደገምኩት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ዘንድሮስ እንድናሸንፍ አምላኬን ለመንኩት። ለምን? ካላሸነፍን ግጥሙን ማለት አልችልማ! ሰው እግዚአብሔርን እንዲህ ያለ ነገር ይለምናል? እኔ ለመንኩ።

አሸነፍን።

ታች ሰፈሮች በረድፍ ተቀመጡ። ሕዝቡ ከበበን። ከዳር ጀምሬ እየተሳደብኩ መጣሁ፤ አንዱን በሆዱ፣ አንዱን በስስቱ። ሁሉም ይስቃል። ይሁኔ ጋ ደረስኩ። ላቡን በጋቢው እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝ፤ አስቀድሞ ፈገግ ብሏል። ስለ ቀጫጭን እግሩ የገጠምኩት ሌላ ግጥም ነበረኝ። ደህና ግጥም ነበር፤ ሰውም ይስቅለት ነበር። እሱን ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላለፍኩም።

ልድገመው? መድገሙም ሌላ ኃጢአት ነው። ግን ካልሰማችሁት ልትፈርዱ አትችሉም፦

«ዱላህን ወርውረው፣ ለምን ትደክማለህ፤
ካያትህ የመጣ የሸክላ ሙያ አለህ።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ይሁኔም ሳቀ። ወጉ ነዋ! ካልሳቀ አኮረፈ፣ ካኮረፈ ደግሞ እውነት ነው ሊባል ነው። ጥርሱ እየሳቀ ዓይኑ እኔን ያየኝ ነበር። አያ ደሴ ብቻ አልሳቁም። «ይቺ እንኳ ባትባል ይሻል ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን የሕዝቡን ሳቅ እየሰማሁ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

የሆነውን ልንገራችሁ። የጥሩወርቅ አባት ሽማግሎቹን በክብር ተቀብለው «ልጅቷ ገና ናት፣ ትቆየን» ብለው ሸኟቸው። ለዳግማይ ትንሣኤ ለሌላ ሰው ዳሯት። የእትዬ ዘውዴ ጠላ የሚቀምሰው ጠፋ። እሳቸው በመንገድ ሲያልፉ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። እኔስ? እኔ ምን አደረግሁ? እኔን ያጎረሱኝ እሳቸው አይደሉም? ደጃቸው ቁጭ ብዬ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥቼ ቢሆን፣ «ቧልት ነው፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው» ብዬ ቢሆን፣ የኔ አፍ ያጠፋውን የኔ አፍ ባልመለሰው ነበር? አልሄድኩም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኔም በሌላ መንገድ ዞሬ ማለፍ ጀመርኩ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸውን ሸጠው ሄዱ። በኋላ ደምበጫ ሞቱ ሲባል ሰማሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። በምን ዓይኔ?

አንድ ሰው እንኳ የተቆጣኝ የለም። የሚጠይቀኝ ቢመጣ መልሴ ተዘጋጅታ ነበር፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። የአባቶቻችንን ወግ እንደ ጋቢ ተከናንቤ ተደበቅሁበት። ወጉ ግን የተሠራው ሰውና ሰው ተጣልቶ እንዳይቀር ነበር።

ይህም ሁሉ ሆኖ ዋናውን ገና አልተናገርኩም።

ይሁኔ አገር ለቆ ሊሄድ ሲል እኔ ዘንድ መጣ። ያኔ ስፌት እየተማርኩ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም።

«አንዲት ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «አፍህ አምልጦህ ነው አይደል? ሜዳው ላይ ሞቅ ብሎህ፣ ሳታስበው ነው የወጣችው?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁና ቀና አልኩ። የአውድማው፣ የበሬዎቹ፣ የለወጥኳት ቃል ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። የይሁኔ ፊት ላይ ደግሞ ልመናው ይታያል፤ አዎ እንድለው እየለመነኝ ነው። ወንድም የሚለው ሰው አስቦበት እንዳላረደው ማወቅ ነበር የፈለገው። ሌላ ምንም አልፈለገም።

«እንዴታ!» አልኩት። «ማርያምን፣ አፌ አምልጦኝ ነው። ግጥም ሲመጣ መቼ ያስጠነቅቃል?»

ደግሜ በእመቤቴ ማልኩ።

ፊቱ ፈታ አለ። «አውቄዋለሁ» አለ፣ «እማዬንም እንደዚያው ብያታለሁ። ሙሉቀን አስቦ አያደርገውም አልኳት። ይቅር ለእግዜር።» ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ሳመኝና ሄደ። ባህር ዳር ነው ይላሉ፤ አግብቶ ወልዷል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ሰውየውን ዘሩን አወጣሁበት፣ እጮኛውን አሳጣሁት፣ እናቱን አሰደድኩ። ከዚያ ደግሞ ይቅርታውን በውሸት ወሰድኩበት። እትዬ ዘውዴም ያችን ውሸቴን ይዘው ተቀበሩ፤ ሙሉቀን አስቦ አያደርገውም ብለው።

ለምን ዛሬ ተናገርክ ካላችሁ፣ የሰፈራችን ወጣቶች ቡድኑን እንደገና አቋቁመዋል። ጎሽ ብያለሁ፤ ማሊያቸውንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። አያ ደሴ ከሞቱ ቆይተዋልና የቡድኑን ታሪክ የሚነግር ሲፈልጉ እኔን ጠሩኝ። ከማርቆስ ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው መጡ። ስለ ዱላው ነገርኳቸው፣ ስለ ሩሯ ነገርኳቸው። ያኔ አንዱ ተጫዋች ብድግ ብሎ «ጋሼ የገጠሟት አለች፣ በቡድናችን ታሪክ እንደሷ ያለ የለም» አለና ያችኑ አላት። አንዲት ቃል አልሳተም። ሁሉም አጨበጨበ።

«ለማን ነው የተገጠመችው?» አለችኝ መቅረጫውን የያዘችው ልጅ።

«ረሳሁት» አልኳት።

ረሳሁት! እንኳን ስሙን፣ ላቡን የጠረገበትን የጋቢውን ጥለት እንኳ አልረሳሁም። ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። ሚስቴ አሞሃል ወይ ብትለኝ ራሴን ነው አልኳት። ይኸው ዕድሜዬን በሙሉ ለዚያች ግጥም ስዋሽ መኖሬ ነው።

ወጣት ነበርኩ አልላችሁም። ዘመኑ ነው፣ ወጉ ነው አልላችሁም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልል፤ አውድማው ላይ ከበሬዎቹና ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ እናንተን ምን አድርጌ?

ይሁኔ ወንድሜ፣ ይህ አንተ ዘንድ ቢደርስ እወቅልኝ። አፌ አላመለጠኝም። አስቤበት፣ አስተካክዬው፣ ተለማምጄው ነው። ያን ለት በሩ ላይ ቆመህ ይቅር ያልከው አፉ ያመለጠውን ሰው ነው፤ እሱ እኔ አይደለሁም። ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ።